ሦስት ዓመት ያልሞላው ተማሪ

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የዓይን ጠብታሽን እየተጠቀምሽበት ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን አስቀመጥሽው? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድሜ እንዳታሳዪው።

የወንድሜን ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ልታስገቧት መሆኑን ትናንት ሰማሁ። ደውዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ ተወው፣ በጭንቅላት እኔን ነው የወጣችው። የፈዜ ልጅ ዶክተር ስትሆን የት አየህ?» ብሎ ሳቀ። ፈዛዛ ነው ብላችሁ ያወጣችሁለትን ስም ይኸው ለልጁም አወረሳት። ሃምሳ ዓመቱን ደፍኖ ዛሬም ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል።

የምሠራው የጤና ጥናት ክፍል ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በጨቅላነቱ ወባ ደጋግሞ የጣለው ልጅ በትምህርቱ ወደኋላ እንደሚቀር፣ አድጎም ገቢው እንደሚያንስ ሰሞኑን አነበብኩ። ወንድሜ የተወለደው አባባ የውሃ ፓምፕ በሚያንቀሳቅስበት እርሻ፣ ቦዩ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ትኩሳት እያንዘፈዘፈው አደገ። ልጅቷ ግን ያን ቦይ አይታው አታውቅም። የጎደላት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ነው።

እኔስ ያኔ የት ነበርኩ? ወባ የማይደርስበት ደጋ፣ አክስቴ ቤት። ለትምህርት ነው የላክንህ ስትዪኝ ኖረሻል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ሊማር? ሌላ ጊዜ ደግሞ አክስትህ ልጅ ስላልነበራት ነው አልሽ። በቀደም ስጠይቅሽ፣ አንተ ሸብተህም ጥያቄህ አያልቅም ብለሽ ወደ ጎረቤት ወሬ ዞርሽ። ምክንያት እንዲህ ሲለዋወጥ እኔ አላምንም። ከእኔ በላይ የነበረችው እህቴስ ምን ሆና ሞተች? ለምን ስሟ ቤታችን ውስጥ አይነሳም? እሷ በተቀበረች በወሩ እኔ መላኬን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ወንድሜ ያኔ ገና ጡት ላይ ነበር።

ባደረግሽው አልፈርድብሽም። የእኔን ዕድል ጭንቅላት፣ የእሱን ትኩሳት ድንቁርና ብለሽ መጥራትሽን ግን አልቀበልም።

ልጅቷ ሰኞ ክፍሏ ከገባች መልሴ ደረሰኝ እላለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽም። አስጠኚ እኔ እቀጥርላታለሁ። ካልገባች ግን እመጣለሁ፤ ወንድሜን አጠገቤ አስቀምጬ ይህንኑ እጠይቅሻለሁ።

ዕድሜና ጤና አይንፈግሽ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርገው።

ያሸሸሽው ልጅሽ