ሉሲን ልወስድ መጥቼ ከተማ ሳይ ከረምኩ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም እልፍነሽ፣ ዲላ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የጥቅምቱ ብርድ አላስነሳብሽም? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይስ አሁንም ጣራ ጣራ ስታዪ ነው የምታነጊው? ጋሽ ብዙነህስ ሳሉ ተወው? እኔ ከናፍቆትሽና ከእግሬ መቃጠል በስተቀር ደህና ነኝ፤ ክብሩ ይስፋ። ሉሲም ሆዷ ገፍቶ፣ ፊቷ ሞልቶ ደህና ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ጆሮሽ አይዝልኝም፣ እኔም ከጮኽኩ ቤቱ ሁሉ ይሰማኛል። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ ፊደሌን ታግሠሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው የመጣሁት ሉሲን ይዤ ልመለስ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እኛም የወለድነው እንደዚያው ነው። የገንፎውን እህል አስፈጭተን፣ ቅቤውን አንጥረን፣ የአራሷን መኝታ አንቺው አዘጋጅተሽ አይደል የሸኘሽኝ? ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ መቼ ነው የምንሄደው አልኳት። እሷ ደግሞ፣ እማዬ ትንሽ አረፍ በይ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባን እናሳይሽ አለችኝ። እሺ አልኩ። ስህተቱ ከዚያች እሺ ጀመረ።

ባሏ ሰለሞን በስልክ የሚጠሩት ታክሲ ነው የሚነዳው። ሉሲ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ እኔን እሱ ከኋላ ወንበር ያስቀምጠኝና እንደ ደንበኛ ያዞረኛል። ከቡራዩ አዲስ አበባ እስክንገባ ብቻ፣ ስንቆም ስንሄድ ወገቤ ይቆረጣል። ደግ ልጅ ነው፣ ግን ወሬው አያልቅም፤ እማዬ በቀኝ ይመልከቱ፣ እማዬ በግራ ይመልከቱ ሲለኝ አንገቴ ሊነቀል ደረሰ። ሰማይ የሚነካ ፎቅ አሳየኝ፤ ቀና ብዬ ሳየው ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ። ሙዚየም ወስዶ ያችን የጥንቷን አጽም ሲያሳየኝማ፣ ልጄን ሉሲን ልጠይቅ መጥቼ የሌላዋን ሉሲ አጥንት ታሳየኛለህ አልኩት። ሳቀ እንጂ ነገሩ አልገባውም።

ውሸት አልነግርሽም፣ ደስ ያለኝም አለ። የእንጦጦ ጫካ ንፋሱ ነፍስ ይዘራል። ማታ መብራት ለብሶ የሚጨፍረውን ውኃ ሳይ እንደ ሕፃን አጨብጭቤ፣ ምነው እታለምን አጠገቤ ባደረገልኝ ብያለሁ። ግን እኮ ደስታም ሲበዛ ያደክማል። እዚህ አገር የሚያምር ነገር ሁሉ ደረጃ አለው። ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ዓይኔን የሚስበው ጥላ ሥር ያለ መቀመጫ ነው። እንዳልናገር ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሥራውን ትቶ የሚያዞረኝን ሰው ደክሞኛል እንዴት እለዋለሁ? ግሩም ነው፣ ዕፁብ ነው እላለሁ። ግሩም ባልኩ ቁጥር ለማግስቱ ሌላ ይጨመርልኛል! የግቢው ባለቤት አዴ ሊቤ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ "አካም ቡልታን"፣ እንዴት አደሩ ትለኛለች፤ እኔም "ነጋ"፣ ደህና እያልኩ፣ እያቃሰትኩ ጫማዬን አስራለሁ። አንድ ቀን ሰለሞንን፣ ይቺን ሴትዮ ከተማ ልታሳያት ነው ወይስ ልትጨርሳት ብትለው፣ እኔው ራሴ ኧረ ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ተከራከርኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ሉሲም እረፍት ሆና አብራን ወጣች። መናፈሻ ለመናፈሻ ስንዞር ዋልን። ስንመለስ አስኮ ላይ መንገዱ በመኪና ተቆላልፎ ቆምን። አጠገቤ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯን አየሁት፤ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋዋ ላይ ታትሟል። እንዲያም ሆና፣ እማዬ ወደድሽው፣ ነገ ደግሞ ስትል አላስጨረስኳትም። ልጄ ደክሞኛል፣ ከመጣሁ ጀምሮ ደክሞኛል አልኳት። እሷም፣ እኔም ሞቻለሁ እኮ እማዬ ብላ ሳቀች። ሰለሞንም ከፊት ሆኖ፣ እኔስ፣ ሹፌር ሰው አይደለም እንዴ አለ። ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን። የሉሲ ሳቅ ግን ልቅሶ ሆነ። ለካ ዲላ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ሆዷ ፈርታዋለች፤ የሚከታተላት ሐኪምም ያለው እዚህ ነው። የእታለምን ድካም እያወቅኩ አልሄድም ማለት አቃተኝ፣ ከተማውን ከወደድሽው ራስሽ ትቀሪልኛለሽ ብዬ ነው አለችኝ።

እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ እያሸሁላት፣ ከተማውንስ አልወደድኩትም፣ ግን እቀራለሁ አልኳት። እዚያው እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። አልጋ አንጥፎ ለሚጠብቅ ሰው አንመጣም ማለት ስድብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እግሯን ብታዪው አንቺም ተነሺ አትያትም ነበር። የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን በሰው አትላኪብኝ፤ ጉልበትሽ ከቻለ ራስሽ ይዘሽው ነይ። አልጋ ጠባብ ነው ብለሽ አታስቢ፣ እንደ ልጅነታችን ተቃቅፈን እናድራለን። ልጄ ፊት ጠንካራ መስዬ ነው እንጂ፣ ምጧን ሳስበው እኔው እንቀጠቀጣለሁ። እሷ የእኔን እጅ ትይዛለች፤ የእኔንስ ማን ይያዝልኝ?

ጋሽ ብዙነህን እጅ ነስታለች በይልኝ፤ አንቺን እንዲለቅልኝም ለምኝልኝ። ልጅሽን ቢንያምን ሳሚልኝ፣ አባቱን ያለ እራት እንዳያሳድረው። ለጎረቤታችን ለኡሙልኸይር ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ቤቱን አደራ በያት። ሉሲና ሰለሞን ጉልበትሽን ይስማሉ።

ታናሽ እህትሽ የሺወርቅ
ቡራዩ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.