«ግቢ» ያልኳት ሴት

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ይህን ጻፍኩልህ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በእጅህ ትሰጥሃለች። ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ፊደሌ ተንጋዷል፤ በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ጽሕፈት ያስገርፍ ነበር፤ ግን የምጽፈው ተቻኩዬ ነው።

ትናንት ሲኒማ ቤት ገብቼ የፊልምህን መጨረሻ አየሁ። አራት ወንዶች ገድለው ወንዝ የጣሏት ልጅ ደም መጣጭ ሆና ትመለሳለች፤ ሦስቱን ትበቀላለች። የአራተኛው እናት ግን፣ ማለትም እኔ የተወንኳት፣ «አትገቢም!» ብላ በሩ ላይ ትቆማለች። ደም መጣጭ ካልጋበዟት ደጃፍ አታልፍምና እዚያው እንደተገተረች ፀሐይ ወጥታ አመድ ታደርጋታለች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት «እማማ፣ የራስዎ ትወና አስፈራዎት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። ያን ትዕይንት ቤቴ ስትቀርጹ ደም መጣጯን የምትተውነው ልጅ የመጣችው ከመሸ ነበር። እናንተ መብራት ስታስተካክሉ ደጅ ላይ ቆማ አየኋትና አንጀቴን በላችው።

«ግቢ እንጂ ልጄ፤ ሰው እንዴት በር ላይ ይገተራል?» አልኳት።

«እትዬ፣ ፊልሙን አበላሸሽብኝ!» ብለህ ሳቅህ።

እሷ አልሳቀችም። «እውነት ልግባ?» አለችኝ።

«ምን ትጠይቂኛለሽ፤ ቤትሽ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ጓዳ ስገባ ያችኑ ተዋናይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጮህ ስል ቀደመችኝ።

«አይፍሩ እማማ። የመጣሁት ላሳደጉት የወንድምዎ ልጅ ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ፊልሙን አላዩም?»

«እሱ እኮ ፈጠራ ነው!»

«ወንዙ ፈጠራ አይደለም። ሦስቱን ጓደኞቹን ዘንድሮ አልቀበራችሁም?»

ሐኪሞቹ የሦስቱንም ሞት «ደም ማነስ» ያሉት ትዝ አለኝ። እሱ እንዴት አላወቀሽም አልኳት።

«ስንት ቀን በካሜራ ሲያየኝ ከረመ። ያኔ ወንዝ ሲጥለኝም ፊቴን አላየውም።»

ውጪልኝ ብዬ ለመንኳት። አንዴ ያስገቡት እንግዳ በቃል አይወጣም አለችኝ፣ በትሕትና። ከዚያ «ታምሜያለሁ ብለው ይጥሩት» አለች። ውሸት ጽፌ አላውቅም፣ አልጽፍም አልኳት። እሷም «እናቴ እስካሁን በር ሳትቆልፍ ነው የምትተኛው» ብላ አለቀሰች። ሌላ ፍርድ የለንም ወይ አልኳት።

«የት እንደጣለኝ ለእናቴ ይንገራት፤ እተወዋለሁ። ካልነገራት ዛሬ ማታ በእርስዎ እጀምራለሁ።»

ስለዚህ ልጄ፣ ወደ እኔ አትምጣ። አሳድጌሃለሁና አሳልፌ አልሰጥህም፤ አልሸሽግህምም። እናቷ ቤት ሂድ። ደጃፉ ላይ ቆመህ ሁሉንም ንገራት፤ ግባ ካላለችህ አትግባ። ከዚያ ለሕግ እጅህን ስጥ።

ይኸው ፀሐይ ከጠረጴዛው ላይ እየሸሸች ነው። ጓዳ ውስጥ ብርድ ልብሱ ሲነካካ ይሰማኛል። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህን አንብበህ፣ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከትተህ፣ ዝም እንዳትል ነው።

እስከ ዛሬ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ፣
አክስትህ