የብርቱካን ጥልፍ ያለባቸው ስድስት ወንበሮች

ሐሙስ
አልተቀመጡም። የነፍስ አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው እንደ ቆሙ ቀሩ። ወንበሩን ከወለወልኩት አንድ ሰዓት አልሞላውም። መቀመጫው ላይ ያለውን ጥልፍ አይተው፣ «ልጄ፣ መስቀል ላይ ይቀመጣል?» አሉኝ። በአሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ።
አበባ ነው አልኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።
«መስቀል ነው። ለእሑድ ይነሣ።»
እሑድ የእኅቴ የብርቱካን ሙት ዓመት ነው። ካህናቱ የሚቀመጡት በእነዚሁ ስድስት የማሆጋኒ ወንበሮች ላይ ነው። የስድስቱንም መቀመጫ የጠለፈችው እርሷ ናት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ። ሌላ የእጅ ሥራ አልተወችም።

ዓርብ
ልጇ ወይንሸት ከአይከል ደወለች። ነገርኳት። ይነሣ ስለተባለ ጥልፉን ልተረትረው ነው ስላት ትስቃለች ብዬ ነበር።
«እትዬ፣ የእናቴን ጥልፍ ከተረተሩ ቤትዎን አልረግጥም።»
እንዲህ ስትል እንኳ አንቱታዋን አልተወችም። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።
ጨርቅ ደርቤ ብሸፍነውስ? መስቀሉ ከሥር አለ፤ ማታለል ይሆናል። የኪራይ ፕላስቲክ ወንበር? በእርሷ ቀን አይሆንም። መቀስ፣ መርፌና መነጽር አዘጋጀሁ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ ጠዋት
አንዱን ተረተርኩ። ክሩ ሲያልቅ ጨርቁ ላይ የእርሳስ መስመር ወጣ። የእኔ እጅ ነው። ብርቱካን ጽጌረዳ ልጥለፍ ብላኝ ነበር። ጽጌረዳ ይዘባረቅብሻል ብዬ፣ በማስመሪያ መስቀል ነድፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሐሙስ አበባ ነው ያልኩት ውሸት ነው።
አምስቱን መንካት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት
ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ውሸቴንም መተርተሬንም። ደነገጡ።
«ምነው ልጄ፣ ይነሣ አልኩ እንጂ ይተርተር አልኩ?»
ለካ ከሰው መቀመጫ ይነሣና ከፍ ብሎ ይሰቀል ማለታቸው ነው። ሰው ቃል በሳተ ቁጥር እያረምኩ የኖርኩ ሴት፣ እኔው ቃል ሳትኩ! ከአራዳ ገበያ አናጢ አስጠራሁ። የአምስቱን ጥልፍና እኔ የተረተርኩትን ጨርቅ ጠርዙን ሳይጎዳ ነቀለና ወንበሮቹን ሁሉ ቡናማ ጨርቅ አለበሳቸው። ምስማሮቹ እኩል አልተራራቁም። እንዳሉ ተውኳቸው።

እሑድ
ወይንሸት መጣች። ካህናቱ ተቀምጠው ጸልየው፣ በልተው ሄዱ። እርሷ ጥልፎቹን የሰቀልኩበትን ግድግዳ አየች። ቆጠረች።
«ስድስተኛውስ?»
የተረተርኩትን ጨርቅ አምጥቼ ሰጠኋት። ጽጌረዳውን፣ ማስመሪያውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ክርና መርፌ ጠየቀችኝ። አሁን መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ምን እንደምትጠልፍ አልጠየቅኋትም። እርሳስም አላቀበልኳትም።