ወጣ ብሎ የቀረው ጎሚኒ

...ከመኪናዋ ሥር በጀርባችን ተኝተን፣ ጣቴን ይዘህ ዘንጉ ላይ አሳረፍከው። ወዲህና ወዲያ አንሸራተትከው። «ተሰማሽ?» አልከኝ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጠጠሩ ጀርባዬን እየወጋኝ ነበር፤ ቶሎ መውጣት ፈለግሁ። አዎ አልኩህ።

አባዬ፣ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ይህን ለመናዘዝ ሰባት ወር ዘግይቻለሁ። አንተ ስትሄድ ሰሊጡ ገና አልተዘራም ነበር። አሁን ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ከደጋ የመጡት ሠራተኞችም ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመልሰዋል። ግቢው ያው ነው። የውሃ በርሜሉን ወደ ጥላው አዛውረነዋል። ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የመኪና ዕቃ መምጣቱ እንደቆመ ነው። ኡስታ ኢድሪስ ግን ራሳቸው መጡ። ስንት ዓመት በድንበሩ ድልድይ ላይ ከአንተ ጋር ዕቃ ሲለዋወጡ የኖሩት መካኒክ፣ ከልጃቸው ጋር አንድ ፍራሽ ተሸክመው፣ ጦርነቱን ሸሽተው ተሻገሩ። መሞትህን የሰሙት በራችን ላይ ነው። አሁን የኋላው ክፍል ውስጥ ይኖራሉ።

የእማዬ እግር አብጧል። ልቧ ነው አሉን። ጎንደር ያለው ሐኪም ለነገ ቀጥሯታል፤ ነገ ካለፈ መቼ እንደሚያያት አይታወቅም። መንገዱ በተኩስ ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ዛሬ ክፍት ነው ይላሉ። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ መቀመጥ አትችልም፤ እግሯን መዘርጋት አለባት። ስለዚህ አሮጊቷን ላወጣት አሰብኩ። ሰዉ መኪናህን አሁንም እንዲህ ነው የሚጠራት። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ እኔም አንዳንዴ እንደ ታላቅ እህት እፈራታለሁ።

ሰባት ወር ቆማ ከርማ ካምቢዮዋ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ከኋላ በኩል፣ ዘንጉ ከሚወጣበት። ትንሽ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ የሳንቲም ያህል እድፍ። ትንሽ ነገር ግን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ ታውቃለህ። የአይከልን ዳገት ስንወጣ፣ እማዬ ከኋላ ተኝታ፣ ዘይቱ አልቆ የካምቢዮው ጥርሶች ተነካክሰው ሲቆሙ ታየኝ። ዘንጉን ዙሪያውን አቅፎ ዘይቱን የሚይዘውን፣ የወተት ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀመጥከውን ትርፍ ጎሚኒ አወጣሁ። የቀረን እሱ ብቻ ነው።

ዘንጉን ፈትቼ ስመለከት አንተ የገጠምከው አሮጌው ጎሚኒ እስከ መጨረሻው አልገባም። ከሚቀመጥበት ቤት ጠርዝ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጣ ብሎ ቆሟል። ዙሪያውን አየሁት። በሁሉም በኩል እኩል ነው የወጣው። ይህ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው አንድ ጎን ያጣምማል እንጂ ዙሪያውን አስተካክሎ አይስትም።

እኔ ግን ያየሁት የዓይንህን ሞራ ነው። መፍቻ ፍለጋ መሬቱን ስትዳብስ፣ እኔ የማላይህ ሲመስልህ። አዘንኩልህ። እዚያው ተኝቼ አለቀስኩልህ። ከዚያ በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁት፤ ሲወጣ ተጣመመ። አዲሱን በቱቦ ቁራጭ ቀስ እያልኩ መትቼ፣ ሙያ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው ከጠርዙ ጋር እኩል አደረግሁት። በመዳፌ ዳበስኩት። ልሙጥ ነበር። ስህተትህን ሰው ሳያይብህ የሸፈንኩልህ መሰለኝ።

እስከ ኬላው ነድቻት ተመለስኩ። ግቢ ውስጥ ሳቆማት ዘይቱ ይንጠባጠብ አልነበረም፤ ይወርድ ነበር።

ኡስታ ኢድሪስ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከሥር ገቡ። ዘንጉን እንደገና አወጣነው። አላዩትም፤ ነኩት። ከዚያ «ያ ቢንቲ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «መጽሐፋችሁ ላይ ያለው ዘንግ ጎረምሳ ነው። የናንተ ሽማግሌ ነው፤ ጎሚኒው በልቶታል።» ዘንጉ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ጥፍሬ ገባ። በዓመታት ብዛት የጎሚኒው ከንፈር ብረቱን ፍቆ ቀለበት የመሰለ ቦይ አውጥቶበታል። አንተ ወጣ አድርገህ የተውከው ከንፈሩ ከቦዩ አልፎ ባልተበላው ብረት ላይ እንዲያርፍ ነበር። እኔ መልሼ እቦዩ ውስጥ ጨመርኩት።

«አባትሽ ዓይኑን ቢያመው ጣቱን አላመመውም። ትምህርት ቤት ጣት አይሰጡም እንዴ?» አሉ። መቀለዳቸው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

አዲሱን ጎሚኒ ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ እናድርገው ብዬ ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉ። ከተነካ እንደሚቀደድ እኔም አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼ የምነግረው እኔ ነኝ። ዘይት የጠጣ የጥጥ ገመድ ዙሪያውን ጠቀጠቁበት። ዘገየ እንጂ አልቆመም። መንገድ ላይ ዘይት እየሞላሽ ሂጂ አሉኝ። ሸኽዲ ላይ፣ ነጋዴ ባሕር ላይ፣ ከዳገቱ በፊት፣ ከዳገቱ በኋላ። ቆሜ፣ ከሥር ገብቼ፣ እማዬን ብቻዋን ከላይ ትቼ። በዚያ መንገድ የት በሰላም መቆም እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። የለም።

ለምን አልነገርከኝም ልልህ ነበር። ነግረኸኛል።

ለተማሪዎቼ ምን እንደምል አላውቅም። ለእማዬም አልነገርኳት። እንሂድ ስል የምገድላት ይመስለኛል፤ እንቅር ስልም እንደዚያው። ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ገና ከአሁኑ ያቃጥላል፤ ይህን የምጽፍልህ ኮፋኖው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። ከሥር ባስቀመጥኩት ጣሳ ውስጥ የዘይቱ ድምፅ ይሰማኛል። አንዱን ጠብታ ሰምቼ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ሲዘገይ ቆመ እላለሁ።

ቃል ልገባልህ የምችለው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ እንደ ደከመ ሰው አላስታውስህም። ሳስብህ አላዝንልህም።

እማዬ ወጥታለች። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ስላለ ያንተን ክፍት ጫማ ነው ያደረገችው። የሐኪሙን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ጎንበስ ብላ ጣሳውን አየች። ከዚያ እኔን። ከኋላ ያነጠፍኩላትን ፍራሽ አልፋ ከሾፌሩ ጎን ያለውን የፊት በር ከፈተች፤ እጀታውን ይዛ ራሷን ወደ ላይ ሳበች፤ የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበች፤ በሩን ዘጋችው።