የቀበሌው እቅፍ አበባ

ናዝሬት፣ ጥር 1975

ልጄ ተሻለች፣ እመቤቴ ማርያም በሞስኮ ብርድ ጋቢ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የቀበሌ ሴቶች መጥተው «የጀግና እናት» የሚል ሪባን የታሰረበት እቅፍ አበባ ሰጡኝ። በወንድምሽ በገሠሠ ምክንያት ነው፤ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ የለውም። ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እነሱም መሬት መሬት እያዩ ወጡ።

አበባው ሲጠወልግ፣ እሱ ጓሮ ከተከለው ጽጌረዳ እየቆረጥኩ እተካለሁ። ጎረቤታችን ዲንቄ «እስከ መቼ ነው እህቴ?» ብላ አለቀሰች፤ በእንባ ቤቴ አትግቢ ብዬ ተቆጣኋት። አሁን ከሰጡኝ የቀረው ሪባኑ ብቻ ነው።

ለአንቺ ጽፎ ከሆነ አሳውቂኝ። ካልጻፈ ግን ምንም አትበዪኝ፤ የናዝሬትን በጋ የሚችል የአበባ ዘር ብቻ ላኪልኝ። ጽጌረዳው እያለቀ ነው።

ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ። አንቺ እንኳ ቅበሪኝ።

እናትሽ