ምሕረቱ እንዳይታሰር

እኔ ዱካሞ ሀቢሶ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ የሮዘተንቪል ነዋሪ፣ ዛሬ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ። ኩላሊቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን የሚለውን ያውቃል። ጡረታ ወጥቼ ወንድሜን ለማስታመም ወደዚህ እስክመጣ ድረስ፣ በጀርመን አገር በሀምቡርግ የአእምሮ ሕሙማን አስታማሚ ነበርኩ። “አእምሮዬ ጤና ነው” ሲሉ የሚያምናቸው ያጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ቃሉን አቅልዬ አልናገረውም።

አንደኛ። የሮዘተንቪሉን ቤት ለታናሽ ወንድሜ ለምሕረቱ አውርሻለሁ። ምሕረቱ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ መድኃኒቱን ሲተው ይነሣበታል። ልጄ ፅናት አብራው ትኑር፤ ክሊኒክ ትውሰደው። በሰንሰለትም ሆነ በገመድ፣ በተቆለፈ በርም እንዳይታሰር። “ለጸሎት ነው” ቢባልም እንኳ።

ሁለተኛ። የክሊፕታውኑ ሱቅ የእኅቴ ልጅ የዱባለ ይሁን። ሱቁን ያቆመው እሱ ነው፤ ሌቦች በደበደቡት ማግስት እንኳ ከፍቷል። ከሱቁ ጀርባ ያለው ኮንቴይነር ግን አይሰጠውም። አምና እኔ ሆስፒታል ስተኛ ምሕረቱን የቆለፈበት እዚያ ነው። ተሽጦ ይወሰድ።

እዚህ ላይ ዱባለ በአገሬው የመገረም ቃል ጀምሮ ተናገረ፤ ቃሌን የምትጽፈው ስንዱ እንዳለ እንድትጽፈው አዝዣለሁ።

“ሀይቦ ጋሼ! እርስዎ አላዩም እኮ። ታክሲ ፊት እየቆመ ነበር። ሾፌሮቹ ይገድሉት ነበር።”

“ታዲያ ስኳርና ዱቄት በምታኖርበት ውስጥ ሰው ይታጎራል?” አለችው ፅናት።

“ስኳሩ አይጮህም።”

ለምስክርነት የመጣው ጎረቤታችን ሸረፈዲን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዱባለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። የሀምቡርግ ሰዎችም ፈርተው ነበር። ከተማዋ በጥንት ዘመን “የእብዶች ሣጥን” የሚባል ማጎሪያ ነበራት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በዚያው ከተማ የነበረ አንድ ሐኪም ሕሙማን እጃቸው የሚታሰርባቸውን ጃኬቶች ሰብስቦ በጨረታ እንደ ሸጠ አንብቤያለሁ። ጠባቂዎቹ ምን እንዳሉት የሚነግረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ ዱባለ ያለውን ያሉት ይመስለኛል። ከሣጥኑ እስከ ጨረታው አምስት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። እኔ ያን ያህል መጠበቅ አልችልም።

ሦስተኛ። ስለዚያች ከተማ የአእምሮ ሕክምና ጅማሬ በአማርኛ የጻፍኩት ሥራ ለፅናት ነው። አሳታሚ አላገኘም። ለዱባለ አንድ ጊዜ ታንብብለት፤ እንቅልፍ ከወሰደው አትቀስቅሰው።

አራተኛ። ምሕረቱ ሲነሣበት ሬዲዮ ይዘጋ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ። ሁለተኛ ሰው ካስፈለገ ዱባለ ይሁን። ምሕረቱ በታመመ ቁጥር የሚጠራው የእሱን ስም ነው።

ዱባለ፣ “ከጠራኝ እመጣለሁ፤ ቁልፍ ግን አልይዝም” አለ። ይህም ይጻፍ።

ቃሉ ተነብቦ ካበቃ በኋላ ምሕረቱ “እኔም ልፈርም” ብሎ እስክሪብቶ አነሣ።

“ተው እንጂ አጎቴ፣ አንተ እንዴት ምስክር ትሆናለህ?” አለ ዱባለ።

ልክ ነው፣ አይሆንም። ምክንያቱ ግን ዱባለ ያሰበው አይደለም። በዚህ አገር ሕግ በኑዛዜ ላይ በምስክርነት የፈረመ ሰው ውርሱን ያጣል። ዱባለም ፅናትም አይፈርሙም።

ተናዛዥ፦ ዱካሞ ሀቢሶ፣ ፈርሟል።
ምስክር፦ ሸረፈዲን ሙሰብ፣ ጎረቤት፣ ፈርሟል።
ምስክርና ጸሐፊ፦ ስንዱ ሽጉጤ፣ ፈርማለች።

ምሕረቱ ሀቢሶ በቦታው ነበረ። ያልፈረመው ወራሽ ስለሆነ ነው።