ሳይሰማ ያቋረጠን አውሮፕላን

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት፣ ልቧስ ረጋ አለላት? እኛ ጆሯችንን ካልቆጠርሽው ደህና ነን።

ሐኪሙ እማዬን ድንጋጤ እንዳይነካት ማለቱን ስትነግሪኝ፣ የአውሮፕላኑ ነገር በስብሰባ እስኪለይለት ወደ እኔ አትላኪያት ብዬሽ ነበር። ስብሰባው ተደረገ እህቴ።

እዚህ ጄቶቹ ጣሪያችንን ሊልጡት ምንም አይቀራቸው። መስኮቱ ይርገበገባል፣ ክሩ ከስፌት መኪናዬ ላይ እየተንከባለለ ይወድቃል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ አመል አውጥቷል፤ የአውሮፕላን ሆድ ብቅ ሲል ወሬያችንን ባለበት እናቆማለን፣ ሲያልፍ ከዚያው ቃል እንቀጥላለን። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ ተፋጠው ይጠብቁና ስድቡን ካቆሙበት ያነሡታል።

ክርክሩ ጎህ ሳይቀድ አውሮፕላን ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል ነው። የአየር ማረፊያው ኃላፊዎች የጠሩን እዚያው አዳራሻቸው ነው። መስታወቱ ድርብ፣ ምንጣፉ ወፍራም፤ ጄቱ ሲነሣ ይታያል እንጂ ድምፁ ዝር አይልም። መጀመሪያ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። «ልጄ እየባነነች፣ እኛም…» ብሎ ሳይጨርስ በመስታወቱ ጄት አለፈ፣ እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ሰብሳቢው የጨረሰ መስሎት አመሰገነና ማይኩን አስወሰደበት። ቀጥሎ እኔ። «እናቴ ልቧን ታማለች፣ እኔ ዘንድ ብትመጣ…» አልኩና፣ ምን ልበልሽ፣ ሌላ ጄት ብቅ ሲል እኔም ወደ መስታወቱ አንጋጥጬ ዝም። ሰብሳቢው ደስ ይላል፣ በሰላም ይምጡልዎ ብሎ አጨበጨበልኝ። ልጨርስ ስለው ተራዎ አልፏል እናቴ አለኝ። የእነሱ ሰዎች ግን ሥራ ይከፈታል፣ እንግዳ ይጎርፋል እያሉ እንደ ውኃ አወረዱት። በመጨረሻ ከነዋሪው የተሟላ ቅሬታ አልቀረበም ተብሎ ተዘጋ።

መውጫው ላይ ሰብሳቢውን የት እንደሚኖር ጠየቅኩት። ራቅ ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። የሰፈሬ ሰው ደግሞ የቀረበለትን ኬክ በሶፍት እየጠቀለለ፣ ደጎች ናቸው እኮ ይባባላል። ኬኩም ሰውም አስጠሉኝ።

እንግዲህ ጄቶቹ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ። እማዬን አትላኪያት። ሌላ ቤት እስክናገኝ እዚያው ትሁን፣ እኔ መጥቼ አያታለሁ። ነገሩን ግን አትንገሪያት፤ አውሮፕላን ምኔ ነው ብላ ጓዟን ጠቅልላ እንደምትነሣ ታውቂያት የለ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ያን ጺሙን ይላጭ። ትልቋ ልጅሽ ጥናቷን እንዳትረሳ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መቼ ነው የምሄደው ካለችሽ፣ የክፍልሽ ቀለም አልደረቀም በያት።

ናፋቂ እህትሽ
ከጄቶቹ ሥር ካለው ቤታችን፣ ግንቦት 9 ቀን